ስድቡ እንደወረደ ይጻፍ፦ ሜዳ ላይ ዘርን የነካ ስድብ ሲሰማ ከፊሽካው እስከ ይግባኙ

«ተመልካቹ ያልተገባ ስድብ ተሳድቧል።» ከአንድ የወረዳ ወይም የዞን ውድድር ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚሄደው ሪፖርት ይህን ብቻ ካለ ጉዳዩ እዚያው ሞተ ማለት ነው። ኮሚቴው ማን፣ ማንን፣ ምን ብሎ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ከየትኛው ጥግ እንደተሳደበ ካላወቀ ዘረኝነት ነው ብሎ ሊቀጣ አይችልም። ቢበዛ «የተመልካች ሥነ ምግባር ጉድለት» ይልና ክለቡን በትንሽ ገንዘብ ያልፈዋል። ከባዱ ሕግ ከተጻፈ ቆይቷል፤ የሚጎድለው ከሜዳ የሚወጣው ወረቀት ነው። ይህ መመሪያ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ሞጣም ሆነ ባሕር ዳር ላይ ውድድር ለሚመሩ ዳኞችና የጨዋታ ኮሚሽነሮች፣ ለአምበሎች፣ ለቡድን መሪዎችና ለደጋፊ ማኅበራት ነው።

የትኛው ስድብ ነው የሚያስቀጣው?

ዘረኝነት ሲባል ብዙ ሰው የነጭና የጥቁር ጉዳይ፣ የአውሮፓ ስታዲየም ጣጣ ይመስለዋል። የፊፋ የዲሲፕሊን ሕግ 15ኛ አንቀጽ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በብሔር፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ መነሻ፣ በጾታ፣ በአካል ጉዳት፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በሀብት፣ በትውልድ ወይም በሌላ ተመሳሳይ ምክንያት የሰውን ወይም የወገንን ክብር በንግግርም ሆነ በድርጊት መንካት ሁሉ አንድ ላይ ተጠቅልሎ «አድልዎ» ተብሎ ይቀጣል።

ለጎጃም ሜዳዎች ከዝርዝሩ ውስጥ ትኩረት የሚሹት «ማኅበራዊ መነሻ» እና «ትውልድ» የሚሉት ናቸው። ቻግኒ ላይ የመተከል ልጆች ያሉበት ቡድን ሲጫወት «ሻንቅላ» ወይም «ባሪያ» ብሎ መጮህ የቆዳ ቀለምንም ትውልድንም የነካ ነው። የቀጥቃጭ፣ የሸክላ ሠሪ ወይም የቆዳ ፋቂ ቤተሰብ ልጅን «ቡዳ» ማለት በማኅበራዊ መነሻው መስደብ ነው። ጣና ዳር ያደገን የነገደ ወይጦ ልጅ በወገኑ ስም ማሸማቀቅም እንዲሁ። አማርኛው የአገውኛ ቃና አለው ተብሎ ተጫዋች አፉን በከፈተ ቁጥር አነጋገሩን እያስመሰሉ መሳቅ በቋንቋ ምክንያት የተፈጸመ አድልዎ ነው። የብሔር ስድብማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ስድቡ ሰውየውን የመታው ባደረገው ነው ወይስ በተወለደበት? «አንተ ሰነፍ፣ ኳስ አታውቅም» ባደረገው ነው። «ዳኛው ተገዝቷል» ነውርም ነው፣ ሊያስቀጣም ይችላል፤ ሆኖም በሌላ አንቀጽ ነው የሚታየው። «የቡዳ ልጅ ኳስ ምን አገናኘው» ግን በተወለደበት ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚጽፍ ሪፖርት ከባዱን ጥፋት ያቀለዋል።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚነሱ ሁለት ማምለጫዎች አሉ። አንደኛው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ነው። በገና ጨዋታ ሁለቱ ወገኖች እየተቀባበሉ በግጥም መሰዳደባቸው የታወቀ ወግ ነው፤ ፈቃዱም የዚያ ቀን ፈቃድ ነው። ደንብ ፈርሞ፣ ዕጣ አውጥቶ፣ ዳኛ ተመድቦለት በሚካሄድ ውድድር ላይ ይህ ተረት መከላከያ አይሆንም። ፉከራና ሽለላም አይከለከልም፤ ፉከራ ስለ ራስ ነው፣ የሌላውን ዘር ማንሳት ከጀመረ ግን ፉከራነቱ አበቃ።

ሁለተኛው ማምለጫ ቅኔ ነው። ሰምና ወርቅ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል ስድብ ቀጥ ብሎ ላይመጣ ይችላል። ለምሳሌ አንድ ተጫዋች ኳስ በነካ ቁጥር ከአንድ ጥግ የጅብ ጩኸት ቢነሳ፣ ነገሩን ለማያውቅ ኮሚሽነር የጎረምሳ ቀልድ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውን እምነት ለሚያውቅ ሰው ግን ያ ጩኸት ልጁን «የቀጥቃጭ ዘር ነህ» ማለት ነው፤ በአውሮፓ ሜዳዎች ጥቁር ተጫዋች ላይ ከሚሰማው የዝንጀሮ ድምፅ በምንም አይለይም። እንዲህ ሲሆን ሪፖርቱ ሰሙንም ወርቁንም ይጻፍ፦ የተሰማው ምን እንደሆነ፣ በአካባቢው ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ላይ እንዳነጣጠረና እሱ ኳስ ሳይዝ ሲቀር ድምፁ ይቆም እንደነበር። የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ዓላማውን የሚያስረዳው እሱ ነው።

ከጨዋታው በፊት

ሥራው የሚጀምረው ዕጣ በሚወጣበት ቀን ነው። የቀበሌና የወረዳ ውድድሮች ደንብ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተጫዋች ዕድሜ፣ ስለ ማሊያና ስለ ዳኛ አበል አውርቶ ያልቃል። ስለዚህ የሚከተለው አንቀጽ ተጨምሮ የሁሉም ቡድን መሪዎች ይፈርሙበት፦

«በዘር፣ በቀለም፣ በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ ወይም በማኅበራዊ መነሻ ሰውን የሚያዋርድ ንግግርና ድርጊት የተከለከለ ነው። ዳኛው ጨዋታውን በሦስት ደረጃ የማቆም፣ የማቋረጥና የመሰረዝ ሥልጣን አለው። ጨዋታው በዚህ ምክንያት ከተሰረዘ ጥፋቱ የተፈጸመበት ወገን በፎርፌ ይሸነፋል። ክለብ በደጋፊው ድርጊት ይጠየቃል። አቤቱታ ጨዋታው ባለቀ በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል።»

24 ሰዓት የተባለው ዝም ብሎ አይደለም፤ ፊፋ በራሱ ውድድሮች ለአቤቱታ የሚሰጠው ጊዜ እሱ ነው። በሊግ ደረጃ የምትጫወቱ ከሆነ ግን የሚገዛችሁ የሊጉ ወይም የፌዴሬሽኑ ደንብ ነውና የጊዜ ገደቡን ከዚያ አንብቡ። አንድ ቀን ያለፈበት እውነተኛ አቤቱታ ሳይከፈት ይመለሳል።

ቀጥሎ ሞንታርቦ። የሦስቱ እርምጃዎች ግማሽ ጉልበት ያለው ለሕዝብ በሚነገረው ማስታወቂያ ላይ ነው፤ ማይክ የሌለበት ሜዳ ላይ ዳኛው ጨዋታ ቢያቆም ተመልካቹ ተጫዋች የተጎዳ ነው የሚመስለው። የስታዲየም ድምፅ ማጉያ ከሌለ ለሠርግ የሚከራየው ሞንታርቦ ይበቃል። መብራት ቢጠፋ የሚሠራ በባትሪ የሚሄድ የእጅ ድምፅ ማጉያ ደግሞ በአራተኛው ዳኛ ወንበር ሥር ይቀመጥ። ማስታወቂያው አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ። ተናጋሪው በስሜት የራሱን ቃል ከጨመረበት እሳት ሊያነድ ይችላል። እንጅባራና አካባቢው ላይ በአማርኛም በአገውኛም ይነገር።

ሥርዓት አስከባሪዎች ሲመደቡ የተለመደው መነሻ ለ250 ተመልካች አንድ ሰው ነው፤ 2,000 ሰው ከተጠበቀ ስምንት። ጨዋታው ውጥረት ያለበት ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ይበል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚበላሸው አቋቋማቸው ነው። ፊታቸው ወደ ተመልካቹ፣ ጀርባቸው ወደ ሜዳው መሆን ሲገባው ሁሉም ዞረው ኳስ ያያሉ። ከዚያ ስድቡ ከየት መጣ ሲባሉ «አላየሁም» ነው መልሳቸው። ቢያንስ ሁለቱ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች የሚናገሩትን ቋንቋ የሚሰሙ ይሁኑ።

በቅድመ ጨዋታ ስብሰባው ላይ ኮሚሽነሩ ለሁለቱ አምበሎች የሚያሳየው ምልክት አለ። ፊፋ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባንኮክ ላይ ባደረገው 74ኛ ጉባኤ ተጫዋች፣ አሰልጣኝ ወይም ዳኛ ዘረኛ ጥቃት ሲፈጸም የሚያሳየውን ምልክት ለመላው ዓለም አስተዋውቋል፦ ሁለቱን እጆች አንጓ ላይ አጣምሮ ከፍ ማድረግ። በእኛ አገር ከሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ወዲህ የተጣመረ እጅ ሌላ ትርጉምም ስላለው ቀድሞ ካልተነገረ ተመልካቹ የፖለቲካ መልእክት አድርጎ ሊወስደውና ነገሩ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር በማይክ «ተጫዋች እጁን እንዲህ ካጣመረ ለዳኛው ‹ዘሬን ሰደቡኝ› እያለ ነው» ተብሎ አንዴ ይነገር።

ፊሽካው፦ ሦስቱ እርምጃዎች

አሠራሩን አውሮፓ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ፊፋ በራሱ ውድድር ያስገባው በ2017ቱ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ነው።

አንደኛ፣ ማቆም። ዳኛው ስድቡን የግድ በራሱ ጆሮ እንዲሰማ አይጠበቅም። ረዳቱ፣ አራተኛው ዳኛ፣ ኮሚሽነሩ ወይም ምልክት ያሳየ ተጫዋች ከነገረው በቂ ነው። ኳሱ ከሜዳ እስኪወጣ መጠበቅ ከተቻለ ይጠበቅ፤ ጩኸቱ ካልቆመ ግን ወዲያው ይነፋ። ጨዋታው ኳስ ሜዳ ውስጥ እያለ ከቆመ የሚቀጥለው በዳኛ ኳስ ነው፤ ኳሱ ወጥቶ ከነበረ ደግሞ እንደ አወጣጡ በእጅ ውርወራ፣ በማዕዘን ወይም በግብ ምት። ከዚያ ማስታወቂያው ይነገራል፦

«ክቡራን ተመልካቾች፣ ዳኛው ጨዋታውን ያቆመው ከተመልካች መካከል ዘርን የሚያዋርድ ስድብ ስለተሰማ ነው። ስድቡ ካልቆመ ጨዋታው ይቋረጣል።»

ከዚህ በላይ ምንም አይጨመር። «የእነ እገሌ ደጋፊዎች» ብሎ ወገን መጥራት የተረጋጋውንም ጥግ ያስነሳል። ማስታወቂያው እየተነገረ ሥርዓት አስከባሪዎቹ ወደ ጥጉ ይጠጋሉ፤ ጯሂው ከታወቀ በዚያን ጊዜ ነው ተለይቶ የሚወጣው።

ሁለተኛ፣ ማቋረጥ። ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ከተደገመ ቡድኖቹ ከሜዳ ይወጣሉ። የተለመደው ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ብዙዎቹ ሜዳዎቻችን መልበሻ ክፍል የላቸውም፤ ስለዚህ የት እንደሚገቡ ቀድሞ ይወሰን፦ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የቀበሌ አዳራሽ ወይም አውቶብሳቸው። ተጫዋቾቹን ስድቡ በተሰማበት ጥግ በኩል አሳልፎ ማስወጣት የሚያስቆጭ ስህተት ነው፤ መንገዱን ቀድማችሁ በእግራችሁ ሂዱበት። በዚህ ጊዜ ዳኛው፣ ኮሚሽነሩ፣ የፖሊስ ኃላፊውና ሁለቱ ቡድን መሪዎች ይነጋገራሉ። የተሰደበው ተጫዋች ይጠየቅ፤ መቀጠል አልፈልግም ካለ አይገደድም። ሁለተኛው ማስታወቂያ «ስድቡ እንደገና ከተሰማ ጨዋታው ይሰረዛል» የሚል ነው።

ሦስተኛ፣ መሰረዝ። ሥልጣኑ የዳኛው ነው፤ ከመወሰኑ በፊት ግን ከኮሚሽነሩና ከጸጥታ ኃላፊው ጋር ይመክራል። ማስታወቂያው የሚነገረው ቡድኖቹ ከሜዳ ወጥተው መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው እንጂ ሜዳ መሃል ቆመው እያሉ አይደለም። መጀመሪያ የሚወጣው የተሰደበው ተጫዋች ቡድን ነው። ዳኛው «እነ እገሌ በፎርፌ አሸንፈዋል» አይልም፤ ውጤት የኮሚቴው ነው።

ሁለቱም ጫፎች ላይ ጥፋት ይታያል። አንዱ ዳኛ በመጀመሪያው ስድብ ጨዋታውን ሰርዞ ይሄዳል፤ የተሰረዘበት ክለብ ደረጃዎቹ አልተጠበቁም ብሎ ይግባኙን ይረታል። ሌላው ደግሞ አንደኛውን እርምጃ አራትና አምስት ጊዜ እየደጋገመ ሁለተኛው ላይ አይደርስም፤ ተመልካቹም ዛቻው ባዶ መሆኑን ይለምደዋል። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ሶፊያ ላይ ቡልጋሪያና እንግሊዝ ሲጫወቱ በዘረኛ ጩኸት ምክንያት ጨዋታው ሁለት ጊዜ ቆሞ እንደገና ቀጥሎ ነበር። እንግሊዝ 6 ለ 0 አሸነፈች፤ ቡልጋሪያ 75,000 ዩሮ ተቀጣች፣ ያለ ተመልካች እንድትጫወትም ተወሰነባት። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚቆመው የማቆሚያው ደቂቃና ምክንያት ሲመዘገብ ነው።

ተሳዳቢው ተጫዋች ከሆነ ሦስቱ እርምጃዎች አያስፈልጉም። በጨዋታ ሕግ 12 መሠረት አዋራጅ ንግግር ቀጥታ ቀይ ካርድ ነው፤ ጨዋታው በተዘዋዋሪ ቅጣት ምት ይቀጥላል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሰልጣኝም፣ ወጌሻም፣ ቡድን መሪም ካርድ ያያሉ። ዳኛው ራሱ ከሆነስ? በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ በፒኤስጂና ባሻክሼሂር ጨዋታ አራተኛው ዳኛ የባሻክሼሂርን ምክትል አሰልጣኝ ፒየር ዌቦን ለዋናው ዳኛ ለማመልከት በሮማኒያ ቋንቋ «ጥቁሩ» ብሎ ጠራው። ሁለቱም ቡድኖች ጥለው ወጡ፤ አራተኛው ዳኛ እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ታገደ። ለእኛ ዳኞች የሚተርፈው ነገር ቀላል ነው፦ ተጫዋችን በማሊያ ቁጥር ጥሩት። «ያ ጥቁሩ»፣ «ያ የአገው ልጅ»፣ «ቀዩ» የሚሉት መጠሪያዎች ሜዳ ላይ ቦታ የላቸውም፤ ክፋት ባይኖርባቸውም።

ለተጫዋቹ፦ ተሰድበህ ከሆነ እጅህን አጣምረህ ወደ ዳኛው ሂድ፤ ቃሉን እንደሰማኸው ንገረው፤ አምበልህን አብረህ ውሰድ። ቡድኑ ያለ ዳኛው ፈቃድ ጥሎ ከወጣ ጨዋታን አቋርጧል ተብሎ ራሱ በፎርፌ ሊቀጣ ይችላል። መልሰህ ከተሳደብክ ሁለታችሁም ቀይ ታያላችሁ፤ ከዚያ ሪፖርቱ «ተሰዳደቡ» የሚል ይሆናል።

ሪፖርቱ

በፊፋ ሕግ የዳኛና የኮሚሽነር ሪፖርት ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ እውነት ነው ተብሎ ይገመታል። ማለትም የሁሉም ክብደት ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ዳኛው ከቢጫ ካርዱ ጀርባ ወይም በኪሱ ደብተር ላይ ሰዓቱንና ቃሉን ወዲያው ይጻፍ፤ ማታ ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚታወስ ቃል ይለሰልሳል። ጥሩ ሪፖርት ይህን ይመስላል፦

«ጨዋታው ከቀኑ 9፡00 ተጀመረ። በ34ኛው ደቂቃ የእንግዳው ቡድን 11 ቁጥር ተጫዋች እጅ ውርወራ ሊወረውር ሲቆም፣ ከጥላው በስተግራ፣ ከማዕዘን ባንዲራው 15 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ከነበሩት ቢጫ ማሊያ የለበሱ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ተመልካቾች ‹አንተ ባሪያ› እያሉ ሦስት ጊዜ በአንድነት ጮኹ። 1ኛ ረዳት ዳኛ በ5 ሜትር ርቀት ሆኖ ሰምቷል። ተጫዋቹ እጁን አጣምሮ ምልክት ሰጠ። ጨዋታው እንዲቆም አደረግሁ፤ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ተነገረ። በ38ኛው ደቂቃ በእጅ ውርወራው ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አልተደገመም።»

ምን እንደያዘ ልብ በሉ። ቃሉ በትእምርተ ጥቅስ አለ። ስንት ሰው፣ ስንት ጊዜ፣ ከየት፣ ማን ሰማ፣ ምን ተደረገ፣ ቆመ ወይስ ቀጠለ ይላል። «በጣም አሳፋሪ»፣ «እጅግ የሚያሳዝን» የሚል ቅጽል የለውም፤ ቅጽል የኮሚቴው ሥራ ነው። ነውሩን ለመጻፍ የሚያፍር ዳኛ «ለመናገር የሚከብድ ስድብ» ብሎ ያልፋል፤ በጨዋነቱ ተሳዳቢውን ነጻ አወጣው። ስድቡ በሌላ ቋንቋ ከነበረ እንደተሰማው በግዕዝ ፊደል ይጻፍና ከሥሩ ትርጉሙ ይቀመጥ። ተርጓሚው ከሁለቱም ቡድን ያልሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ማስረጃና ስልክ

ቪዲዮ ሲቀረጽ ካሜራው ጥጉ ላይ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆይ፤ ከዚያ ሳይቋረጥ ወደ ሜዳው ዞሮ የትኛው ተጫዋች ኳስ እንደያዘ ያሳይ። ተቆራርጦ የተቀጠለ ቪዲዮ ሐሰት ነው መባሉ አይቀርም። ዋናው ፋይል ከስልኩ አይጥፋ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ተራ ቪዲዮ ከሄደ ይጨመቃል፣ ድምፁም ይበላሻል፤ «ፋይል» በሚለው ይላክ።

ብዙ ማስረጃ የሚወድቀው በሰዓት ነው። የስልኩ መዝገብ 15፡34 ይላል፣ የዳኛው ሪፖርት ከቀኑ 9፡34። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ጠበቃ ግን «ቪዲዮው ከጨዋታው ስድስት ሰዓት በኋላ የተቀረጸ ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ቀኑም እንዲሁ፣ ስልኩ በፈረንጅ ሪፖርቱ በኢትዮጵያ። ስለዚህ ከማስረጃው ጋር በምትያያዘው ወረቀት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ።

ቪዲዮውን በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ መልቀቅ ተበዳዩን ሁለተኛ ጊዜ ማሰደብ ነው፤ ለቀቂውም ስድቡን አሰራጭቷል ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ለኮሚቴው ብቻ ይሂድ። ሁለት የጽሑፍ ምስክር ይጨመር፤ አንዱ ከተሳዳቢው ወገን የሆነ ከተገኘ ከአምስት የራስ ደጋፊ ይበልጣል። የፊፋ ሕግ ተበዳዩ ራሱ ስድቡ ምን እንዳደረሰበት በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲናገር ይፈቅዳልና ተጫዋቹ ግማሽ ገጽ ይጻፍ። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይኖር አይጠየቅ።

ቅጣቱ

ፊፋ በግለሰብ ላይ፣ ተጫዋችም ሆነ አሰልጣኝ፣ ያስቀመጠው መነሻ ቢያንስ 10 ጨዋታ እገዳ ወይም ለተወሰነ ጊዜ መታገድ ነው። ክለቡ በደጋፊው ሲጠየቅ ለመጀመሪያ ጥፋት በተወሰነ ተመልካች መጫወትና ቢያንስ 20,000 የስዊስ ፍራንክ ቅጣት አለ። ሲደገም ወይም ጥፋቱ ሲከብድ ነጥብ መቀነስ፣ ያለ ተመልካች መጫወት፣ ሜዳ መታገድ፣ ከውድድር መባረርና ወደ ታች ሊግ መውረድ ድረስ ይሄዳል። በ2025 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ለዘረኛ ጥቃት የገንዘቡ ጣሪያ 5 ሚሊዮን ፍራንክ ደርሷል። የተሰረዘ ጨዋታ በመርህ ደረጃ ፎርፌ ነው።

ክለቡ «እኛ ምን አደረግን፣ ደጋፊው ነው» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም፤ ኃላፊነቱ ጥፋተኝነት ሳይጠየቅ የሚመጣ ነው። ተሳዳቢውን ራሱ ለይቶ አሳልፎ ከሰጠ ግን ሊቀልለት ይችላል። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ኡዲኔዜ ሜዳ ላይ የሚላኑ ግብ ጠባቂ ማይክ ሜኛን ተሰድቦ ጨዋታው ሲቋረጥ፣ ክለቡ የለያቸውን ሰዎች ለዘለዓለም ከሜዳው አግዷል።

በጎጃም ሁኔታ ኮሚቴ የገንዘብ ቅጣት ላይ ብቻ ቢተማመን አይመከርም። የብዙ ክለቦቻችን ካዝና የከተማ አስተዳደሩ በጀት ነው፤ ገንዘቡ ከሕዝብ ኪስ ወጥቶ ሕዝብ ኪስ ይገባል፣ ጯሂው አይሰማውም። ያለ ተመልካች መጫወትም አጥር በሌለው ሜዳ ላይ ቀልድ ነው፤ ተመልካቹ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ያያል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራው ጨዋታውን ወደ ገለልተኛ ከተማ ማዛወር ነው፤ ደጋፊው የመኪና ከፍሎ ካልሄደ አያይም። አጥር ካለ ደግሞ ስድቡ የተነሳበትን ጥግ ብቻ መዝጋት ፍትሐዊ ነው፣ ማዶ ያጨበጨበው ሰው ለምን ይቀጣ?

ከውድድር ማስወጣት የመጨረሻው ቅጣት ነው፤ የአፍሪካ ዋንጫም የጀመረው በእሱ ነው። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ተወገደች፤ ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ይህን እገዳ ይዘው ከቆዩት ዋነኛው ናቸው፤ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1976 እ.ኤ.አ. አባረራት፣ የተመለሰችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው።

ፖሊስ የሚገባው መቼ ነው?

የዲሲፕሊን ቅጣትና የወንጀል ክስ ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ሕገ መንግሥቱ በ25ኛው አንቀጽ እኩልነትን ደንግጓል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። በንግግሩ የተነሳ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል። እያንዳንዱ የሜዳ ስድብ እዚህ አይደርስም፤ «ውጡላቸው»፣ «አሳዷቸው» ዓይነት ጥሪ ከታከለበት ግን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠብቁ አይባልም፣ ወዲያው ለፖሊስ ይነገራል። በስፔን በ2024 እ.ኤ.አ. ቪኒሲየስ ጁኒየርን በቫሌንሲያ ሜዳ የሰደቡ ሦስት ሰዎች የ8 ወር እስራትና የሁለት ዓመት የስታዲየም እገዳ የተፈረደባቸው በፌዴሬሽን ሳይሆን በፍርድ ቤት ነው።

ይግባኝ

ውሳኔው በጽሑፍ ከነምክንያቱ ይጠየቅ፤ በስልክ በተነገረ ውሳኔ ላይ የይግባኝ ቀን መቁጠር አይቻልም። በፊፋ አሠራር ይግባኝ ማለትህን በ3 ቀን ውስጥ ታሳውቃለህ፣ ምክንያቱን ለማቅረብ 5 ቀን ይጨመርልሃል፤ ሎዛን ወዳለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ለመሄድ ደግሞ 21 ቀን ነው። የአገር ውስጡ ገደብ ከውድድሩ ደንብ ይነበብ። ይግባኙ በሦስት ነገር ላይ ብቻ ያተኩር፦ ደረጃዎቹ ተጠብቀዋል ወይ፣ ማስረጃው ቃሉን ያሳያል ወይ፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል ወይ። «ክለባችን ታላቅ ታሪክ ያለው ነው» የሚል ሦስት ገጽ መግቢያ አንባቢውን ከማሰልቸት ውጪ ምንም አይጨምርም።

ውሳኔው ሲጸና በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፦ አንዱ ኮሚቴው ዘንድ፣ አንዱ በተቀጣው ክለብ፣ አንዱ በተበዳዩ ክለብ። ቀኑ በጉልህ ይጻፍበት። በሚቀጥለው ዓመት ያው ጥግ ሲጮህ «ይህ ሁለተኛችሁ ነው» ለማለት የመጀመሪያው ወረቀት ያስፈልጋል፤ ካልተገኘ ሁለተኛው ጥፋት እንደ መጀመሪያ ተቆጥሮ ያልፋል።